ምንም ካልፈለግኩ ሞት ምን ይወስድብኛል?

እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። ዕድሜዬ 44 ነው፣ እህል ነጋዴና የሦስት ልጆች አባት ነኝ።

ታላቅ ወንድሜ ኅዳር ላይ ሞተብኝ። ደም ብዛት ነበረበት። ጠዋት ደጃፉ ላይ ወደቀ፣ ሆስፒታል አደረስነው፣ አልተረፈም። ቤት እየሠራ ነበር። አንዴ ሲሚንቶ፣ አንዴ ቆርቆሮ እየገዛ፣ ትንሽ ትንሽ እያለ 11 ዓመት ፈጀበት። ጣሪያው ተመቶ፣ ግድግዳው ተለስኖ፣ በርና መስኮት ብቻ ቀርቶት ነበር። ለቅሶ የመጣ ሁሉ «ወይኔ፣ ሳይገባበት!» ይላል። ጀናዛው ላይም፣ ሰደቃው ላይም፣ የቅሬው (የዕድራችን) ሰው ሁሉ። ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ወንድሜ ቤት ባይመኝ ኖሮ ሞት ቤት አይወስድበትም ነበር። ሞት የሚጎዳን የምንፈልገው ነገር ስላለን ነው ማለት ነው። ስለዚህ መፈለግ ላቁም ብዬ ወሰንኩ። ጓሮ ልተክለው የገዛሁትን የአቮካዶ ችግኝ ለጎረቤት ሰጠሁ። መጋዘኑን ለማስፋት የጀመርኩትን ተውኩ። ለሐጅ የማስቀምጠውንም አቆምኩ። ትልቋ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፤ «አባዬ፣ ምን ባጠና ይሻላል?» ብትለኝ «እንዳሻሽ» አልኳት። እኔም ደም ብዛት አለብህ ተብያለሁ። ክኒኑን ሲያሰኘኝ እውጣለሁ፣ ሳያሰኘኝ እተዋለሁ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ቀሎኛል። ሌሊት እየባነንኩ ሞትን የምፈራው ቀርቷል። ባለቤቴ ግን «ወንድምህን የቀበርንበትን ቀን አውቃለሁ፣ አንተን መቼ እንደቀበርንህ ነው የማላውቀው» አለችኝ። ይህ ንግግሯ ቆጠቆጠኝ። ሰው ፍላጎቱን ቢቀንስ የሞት ጉዳት ይቀንስለታል? ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?

ወንድማችሁ፣ ከሐይቅ

*

ወንድም ዓለም፣ አላህ ወንድምህን ይዘንለት፣ ለናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ።

ስለ ክኒኑ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ግን ጥያቄህን ዘልዬ ወደ ክኒን ብሄድ ያልሰማሁህ ይመስልሃል። ጥያቄህ ደግሞ ከባድ ጥያቄ ነው። የሐዘን ቅዠት ነው ብዬ የማልፈው አይደለም።

ይህን መንገድ አንተ የመጀመሪያው ሆነህ አልሄድክበትም። የግሪኩ ፈላስፋ ኤፊቆሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ341 እስከ 270 የኖረ ሰው ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶችህ ስሙን ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ያውቁት ይሆናል፤ ጳውሎስ አቴና ላይ የተከራከረው ከሱ ተከታዮችና ኢስጦኢኮች ከሚባሉት ሌሎች ፈላስፎች ጋር ነበር። ኤፊቆሮስ እኛ እያለን ሞት የለም፣ ሞት ሲመጣ ደግሞ እኛ የለንም፣ ታዲያ ማንን ይጎዳል ይል ነበር። ፍላጎትንም ለይቶ አስቀምጦታል። እንጀራ፣ ውሃ፣ ወዳጅነት፣ እነዚህ በጥቂቱ የሚሞሉ ናቸው። ሀብትና ዝና ግን ዳርቻ ስለሌላቸው ተዋቸው ይላል። ከኢስጦኢኮቹ አንዱ ኤፒክቴተስ ደግሞ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው ነበር፤ እሱ ከዚህም ይብሳል። ልጅህን ስትስም ሟች መሆኑን ለራስህ አስታውስ ብሎ አስተምሯል።

እና አዎ፣ በከፊል ልክ ነህ። ፍላጎት ሲለወጥ ሞት የሚያቋርጠው ነገርም ይለወጣል። ሐኪም ተስፋ የለህም ያለው ሰው ሐሳቡን ሰብስቦ ይቺን ወር ብቻ ሲያስብ፣ ከተጣላው ወንድሙ ጋር ሲታረቅ፣ ዕዳውን ሲከፍል፣ ልጆቹን ሰብስቦ ሲመርቅ አይተህ ይሆናል። የ20 ዓመት ዕቅዱን ሙጥኝ ብሎ ከሚሞተው ይልቅ የዚህ ሰው ሞት የሚቀማው ነገር ያነሰ ነው። ይህን አከብራለሁ። ከጎረቤቴ ፎቅ የበለጠ ፎቅ ካልሠራሁ የሚል ምኞት ያለው ሰውም ዛሬውኑ ቢተወው ከሞት በፊት በሕይወቱም ያተርፋል።

አንተ ግን በዚያ ሰው ቦታ አይደለህም። 44 ዓመትህ ነው። የተውካቸው ነገሮችም የጎረቤት ፎቅ አይደሉም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ለኔ ሳይሆን ለራስህ መልስ። ነገ ጠዋት አንድ የታመነ ሰው መጥቶ «ሠላሳ ዓመት ትኖራለህ፣ አትጠራጠር» ቢልህ ምን ታደርጋለህ? ጎረቤትህ ጋ ሄደህ «እባክህ ችግኟን መልስልኝ» ትላለህ? ለልጅህስ «ነይ ተቀመጪ፣ ትምህርቱን እንምከርበት» ትላታለህ? መልስህ አዎ ከሆነ ፍላጎትህ አልሞተም፣ ደብቀኸዋል እንጂ። የተደበቀ ፍላጎት ደግሞ ሞት ሲመጣ እንደታየው ፍላጎት ሁሉ ሳይሞላ ይቀራል። የቀነስከው ጉዳት የለም፤ የቀነስከው ማየቱን ነው። መልስህ «አይ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሰጠኝም አያምረኝም» ከሆነ ደግሞ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ሌላው ሐሳብህ ላይ ልሟገትህ። ሞት የሚጎዳን ስለምንፈልግ ነው ብለሃል። በተወለደ በሳምንቱ የሞተ ሕፃን አስብ። ትምህርት አይመኝም፣ ትዳር አያውቅም፣ ነገ የሚባል ነገር በልቡ የለም። ግን እናቱ ፊት ቆሞ «ምንም አልፈለገም፣ ስለዚህ ምንም አላጣም» የሚል ሰው ወሎ ውስጥ አለ? ያጣው ሊመጣለት የነበረውን ነው። ሩጫውን፣ የእናቱን እጅ፣ የጓደኛ ጨዋታ፣ ፈልጎትም ሆነ ሳይፈልገው። ሞት የሚወስደው የተመኘነውን ብቻ ሳይሆን ሊደርሰን የነበረውን መልካም ነገር ሁሉ ነው። አንተ መመኘት ብትተውም ያ መልካም ነገር ባለበት ይጠብቅህ ነበር፤ የልጅህ ምርቃት፣ የባለቤትህ እርጅና ካንተ ጋር፣ ስትቆርጠው እጅህን የሚያረጥበው የገዛ ጓሮህ ፍሬ። ሞት ምናልባት በ80 ዓመትህ ሊወስደው የሚችለውን ነገር በ44ህ ራስህ አስረከብክለት። ይህ ነው ያሳዘነኝ።

በርናርድ ዊልያምስ የሚባል የእንግሊዝ ፈላስፋ በ1973 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ ላይ የለየው ነገር ላንተ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አንዳንድ ፍላጎት «እስካለሁ ድረስ» የሚል ነው። እስካለሁ ድረስ አይራበኝ፣ ጥርሴን አይመመኝ፣ ብርድ አይግባኝ። ሞት ይህን አይነካውም፣ የሞተ ሰው ጥርሱን አይታመም። ሌላው ፍላጎት ግን ለመኖር ምክንያት የሚሆነው ነው። ልጄን ለማዕረግ ላድርስ፣ ያን ቤት ልጨርስ፣ ካዕባን በዓይኔ ልይ። ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳን ይሄኛው ነው። ስታስበው ሞት የሚጎዳው ይሄኛውን ብቻ ስለሆነ አንተ ለይተህ እሱን ቆረጥከው። ትክክል ቆርጠሃል፣ ሒሳቡ አልተሳሳተም። ግን ቀሪው ምን እንደሆነ እየው፤ እንጀራ፣ እንቅልፍ፣ ሲያሰኝ የሚዋጥ ክኒን። ባለቤትህ ያየችው ይህንን ነው። ንግግሯ ስድብ አይደለም፣ እሪታ ነው።

ደግሞ ፍላጎትህ ያንተ ብቻ አይደለም። እሷ የምትመኘው ነገር ውስጥ አንተ አለህበት። ልጅህ «ምን ባጠና ይሻላል?» ስትል የትምህርት ዓይነት ብቻ አይደለም የጠየቀችህ። የኔ ነገ ግድ ይሰጥሃል ወይ እያለችህ ነው። «እንዳሻሽ» ስትላት አንተ ከሞት ራስህን እየጠበቅክ ነበር፣ እሷ ግን ያንን አታውቅም። የሰማችው መልስ ግድ አይሰጠኝም የሚል ነው።

አሁን ወንድምህ ጋ እንምጣ። «ሳይገባበት» የተባለው እውነት ነው፣ ያማል። ግን እስቲ እነዚያን 11 ዓመታት አስታውስልኝ። ድንጋይ ሲያስመርጥ አብረኸው ሄደህ ታውቃለህ? ማታ ማታ ልጆቹን ይዞ «ይሄ የናንተ ክፍል፣ ይሄ የእንግዳ» እያለ በወለሉ ላይ አላዞራቸውም? ቆርቆሮው የተመታ ለት ቡና አልተፈላም? ይህ ሁሉ ደርሶታል። ሞት ወደ ኋላ ሄዶ አይወስደውም። ያለ ቤት ምኞት ቢኖር ኖሮ ለቅሶው ላይ «ሳይገባበት» አይባልም ነበር፣ ልክ ነህ። ግን እነዚያ ምሽቶችም አይኖሩም ነበር። አንተ ራስህ ወንድምህን በምኞቱ አይደል የምታውቀው? ምንም የማይፈልግ ሰው ሆኖ 11 ዓመት ቢኖር ኖሮ ይሻለው ነበር ብለህ በልብህ ትላለህ?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ቤቱን ለማን ነበር የሚሠራው? ለራሱ ብቻ እንዳልሆነ እገምታለሁ። ልጆቹ ዛሬ እዚያ ቤት ገብተዋል? ካልገቡ የቀረው በርና መስኮት ነው። ከወንድምህ ፍላጎት ውስጥ «እኔ ልግባበት» የሚለውን ሞት ቀምቶታል፣ «ልጆቼ ይግቡበት» የሚለውን ግን ገና አልቀማውም። እሱ በናንተ እጅ ነው። አቅም ካለህ ከቤተሰብ ጋር ተመካከር፣ የቅሬውን ሽማግሌዎችም አማክር፣ አናጺ ጠርታችሁ በሩን አስገጥሙት። ይህን የምልህ ሐዘንህን እንዲያስረሳህ አይደለም። ፍላጎትን መለወጥ ማለት እንዲህም እንደሚሆን በእጅህ እንድትነካው ነው።

ምክንያቱም ፍላጎትን መለወጥና ፍላጎትን መግደል ለየቅል ናቸው። ወንድምህን የጎዳው የምኞቱ አያያዝም ይመስለኛል፤ ዋናው ደስታ ሁሉ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ የገባን ለት። ሰው ግን በየመንገዱ የሚያጠግብ ምኞት መያዝ ይችላል፣ እሱ ባይኖርም የሚቀጥል ምኞትም መያዝ ይችላል። ሁለቱም ሞት የሚያገኘውን ይቀንሱበታል፣ ያውም ኑሮን ሳያራቁቱ።

ይህ ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የወሎ ሸሆች ዱንያን ናቁ ሲባል ሰምተህ አድገሃል። ግን እነሱ ምንም የማይፈልጉ ሰዎች ነበሩ? ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) ሰብስበው ሲያቀሩ፣ መንዙማ ሲደርሱ፣ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩት እኮ በጣም የሚፈልጉት ነገር ስለነበራቸው ነው። የፈለጉት ነገር እነሱ ሲሞቱ የማይሞት ነበር፣ ዛሬም ዱዓቸውና ዜማቸው በየወዳጃው፣ በየዱዓ ስብሰባው አለ። ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፣ ሦስት ነገር ሲቀር፤ የማይቋረጥ ሰደቃ፣ የሚጠቅም ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ፤ ይህን ሐዲስ እኔ ላንተ ማስተማር የለብኝም። ቂያማ ሲቆም በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ ይትከላት የሚለውንም ታውቀዋለህ። ችግኟን ለጎረቤት የሰጠህ ለት ይህ ትዝ ብሎህ ነበር? ልነካካህ አይደለም፣ በእውነት ማወቅ እፈልጋለሁ። የሐጁም ነገር እንደዚያው ነው። መልካም የነየተ፣ በልቡ ያሰበ ሰው ሳይደርስበት ቢቀር እንኳ ኒያው ይጻፍለታል ተብለህ ነው ያደግከው። ታዲያ ሞት እንኳ ሊነጥቅህ የማይችለውን ኒያ ለምን ቀድመህ ትተወዋለህ?

የቀለለህን ነገር ግን አልንቀውም። ሌሊት መባነን ቀርቷል ብለሃል፣ አልሐምዱሊላህ። ብቻ ሁለት ዓይነት ቅለት አለ። አንዱ ያረፈ ሰው ቅለት ነው፤ ምግብ ይጣፍጠዋል፣ ጨዋታ ያስቀዋል፣ የልጁ ፊት ደስ ይለዋል። ሌላው ስሜቱ የደነዘዘ ሰው ቅለት ነው። አንተ የትኛው ነህ? ቡናው ይጥምሃል? ገበያ ላይ ወዳጅ ስታገኝ ደስ ይልሃል ወይስ ቶሎ ልላቀቅ ትላለህ? ሠላሳ ዓመት ቢሰጥህም የማያምርህ ከሆነ፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ምንም ነገር ደስታ ካልሰጠህ፣ እንቅልፍህና ምግብህ ከተለወጠ፣ ወይም ብሞትስ ምን አለበት የሚል ሐሳብ ከመጣብህ፣ ይህ ፍልስፍና ሳይሆን ሕመም ሊሆን ይችላል። ሐዘን ላይ የሚመጣ ድባቴ ይታከማል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሄደህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግር። ብቻህን አትሂድ፣ ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ። እስከዚያው ከወዳጃ አትቅር፣ መራቂዎቹ እናቶች፣ ዱበርቲዎቹም ይመርቁህ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አሁን ወደ ሥራው። ሞት ያቋርጥብኛል ብለህ የፈራኸውን ነገር በከፊል እንዳያቋርጠው ማድረግ ትችላለህ። ነጋዴ ነህ፣ የዱቤ ደብተርህ ግማሹ በጭንቅላትህ እንዳለ እገምታለሁ። ማን ስንት እንዳለበት፣ አንተም ለማን ስንት እንዳለብህ ጻፈውና ለባለቤትህ አሳያት። የቤቱ ካርታ ላይ፣ የገጠር መሬት ካላችሁም ደብተሩ ላይ፣ ስሟ መኖሩን አይታችሁ አረጋግጡ። ኑዛዜ ጻፍ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቃል ኑዛዜንም ይቀበላል፣ ግን ሦስት ወር ካለፈው ይወድቃል፣ ስለዚህ በሱ አትተማመን። ሙሉውን በእጅህ ጽፈህ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጸህ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ማድረግ ትችላለህ። ወይም ጽሑፉ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብና አብረው ይፈርሙልሃል። በሸሪዓው ኑዛዜ ከሀብትህ ሲሶ ማለፍ እንደሌለበትና ለወራሽ እንደማይናዘዝ ደግሞ ኢማምህን ወይም ቃዲውን ጠይቀህ አስተካክል። ይህን የጨረሰ ሰው ፍላጎቱን ሳይቆርጥ ፍርሃቱ እንደሚቀንስለት ታያለህ።

ችግኟን ጎረቤትህ ተክሏት ከሆነ ተዋት፣ እሷም ኸይር ናት። ሌላ ግዛ። የተዳቀለ አቮካዶ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል፣ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ስትተክል ትንሹን ልጅህን አስቆፍረው። መጋዘኑን ማስፋት ግን እውነት ያስፈልግሃል ወይ የሚለውን ደግመህ አስብበት፤ ምናልባት እሱ ያለ ጸጸት የምትተወው ሊሆን ይችላል። ሁሉንም መልሰህ አንሳ አላልኩህም።

ልጅህን ዛሬ ጥራት። ምክንያቱን ሳትደብቅ ንገራት፣ ያጎትሽ ሞት ከብዶኝ ነበር በላት፣ 11ኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ይህ ይገባታል። ከዚያ ምን እንደምትወድ ጠይቃትና ዝም ብለህ ስማት። መልስ ባይኖርህም ችግር የለውም፣ ከመምህሮቿ ጋር አብራችሁ ትጠይቃላችሁ።

ክኒኑ። ወንድምህን የጣለው ደም ብዛት በቤተሰብ ይመጣል፣ ያንተም አለ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፣ «ደህና ነኝ» ማለትህ ምንም አያረጋግጥም። የደም ብዛት መድኃኒት ሲያሰኝ የሚዋጥ አይደለም፤ በየቀኑ ነው፣ ማቋረጡ ለስትሮክ ያጋልጣል። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደህ ተለካ፣ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክኒኑን እንዴት ትወስድ እንደነበር ሳትዋሽ ንገራቸው። ሞትን ላለመፍራት ስትል ወደ ሞት ስትጠጋ ዝም ብዬ ላይህ አልችልም። ክኒኑን ዛሬ ማታ ሐኪምህ እንዳዘዘልህ ዋጥ፣ ለባለቤትህም ሰዓቱን እንድታስታውስህ ንገራት፣ ከዚያ የተለካኸውን ቁጥር ጻፍልኝ።